ከመርከቡ በፊት የነበረው መንገድ

የጀርመኗ የወደብ ከተማ ብሬመርሃቨን እ.ኤ.አ. በ2027 200 ዓመት ይሞላታል። በዓሉ ሲቃረብ የሚወራው ስለ መርከብ ነው፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ተሻግሯልና። ያ ሁሉ ሕዝብ ግን መጀመሪያ ወደቡ ድረስ መድረስ ነበረበት።

ብሬመርሃቨን ገና ሳትቆረቆር፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚሰደድ የደቡብ ምዕራብ ጀርመን ገበሬ በራይን ወንዝ ቁልቁል ወደ ሮተርዳም ይወርድ ነበር። በወንዙ ዳር ያለ ገዥ ሁሉ የየራሱ ኬላ ነበረው። በ1750 ወደ ፔንስልቬንያ የሄደው ጎትሊብ ሚትልበርገር ከሃይልብሮን እስከ ሆላንድ 36 ኬላ እንዳለ ጽፏል፤ በየኬላው ጀልባው ይቆማል፣ ፍተሻውም ቀረጥ ተቀባዩ በፈቀደው ሰዓት ይደረጋል። የወንዙ ጉዞ ብቻውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል ይላል። ሰውየው የጻፈው ወገኖቹን ከስደት ለማስቀረት ስለሆነ ምሬቱን ቀንሶ ማንበብ ይበጃል። የኬላው ነገር ግን አይጠረጠርም። ብዙዎች ሆላንድ ሲደርሱ ስንቃቸው አልቆ ነበር፤ የመርከቡን ዋጋ አሜሪካ ገብተው በጉልበታቸው ሊከፍሉ የሚዋዋሉትም ለዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የጥጡ መንገድ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ጥጥ በፈረንሳዩ ሌ ሃቭር ወደብ ይራገፍና በሠረገላ እስከ አልዛስ ፋብሪካዎች ይጓዝ ነበር። ሠረገላው ባዶውን ከሚመለስ ባለቤቱ ስደተኛ ይጭናል። ወደቡ ላይ ደግሞ ጥጡን ያመጣው መርከብ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ጥጥ በመጣበት መንገድ ሰው ሄደ።

የንግድ ከተማዋ ብሬመንም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቬዘር ወንዝ በደለል ተሞልቶ ትልልቅ መርከቦች አልደርስ ቢሏት፣ በከንቲባዋ ዮሃን ስሚት አማካይነት በ1827 ብሬመርሃቨንን ቆረቆረች። በ1832 ደግሞ እያንዳንዱ መርከብ የ90 ቀን ስንቅ እንዲይዝና የመንገደኞቹን ዝርዝር እንዲያስረክብ ደነገገች። ርኅራኄ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ የነጋዴ ሂሳብ ነው ባይ ነኝ። ትንባሆ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መርከብ ኪሳራ ነውና፣ መንገደኛውን ከሮተርዳምና ከሌ ሃቭር መንጠቅ ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባቡር መጣ። በ1847 ሃኖቨርና ብሬመን በሐዲድ ተገናኙ፤ የሳምንታት ጉዞ ወደ ቀናት አጠረ፤ ታሪኩም ለእኔ በዚያው ልክ ደበዘዘብኝ።

የቅድመ አያቱን ዱካ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወደብ መዝገብ ይነሳል። የሃምቡርግ ወደብ ዝርዝሮች ከ1850 እስከ 1934 ያሉት ተርፈዋል። ብሬመን ግን ከ1875 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያለፋቸውን በቦታ ጥበት ምክንያት አስወገደች። ስለዚህ ፍለጋውን ከወደቡ ሳይሆን ከመንደሩ፣ ለስደተኛው ከተሰጠው የመውጫ ፈቃድ ይጀምር።