ወተት የገባበት ስኒ

ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ገዳዩ ነው፦ ምን ያህል ክፉ ይሁን፣ በምን ይግደል፣ ደሙስ እስከ የት ይፍሰስ። አንባቢን እንቅልፍ የሚነሣው ግን ደሙ አይደለም፤ ማን ምን ያውቃል፣ መቼስ ዐወቀ የሚለው ነው። የወንጀል ምርመራ፣ ልብ አንጠልጣይና አስፈሪ ታሪክ የሚለያዩትም በዚሁ ነው። አንድ ቤት፣ አንዲት እናትና አንድ ስኒ ይዘን ሦስቱንም እንሞክር።

እትዬ በላይነሽ ብቻቸውን የሚኖሩ መበለት ናቸው እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ጀበናና በከፊል የተጠጣ ስኒ አለ፤ ስኒው ውስጥ መርዝ። ፖሊስ በራሳቸው እጅ ነው ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ነው። ነገር ግን ቡናው ወተት ገብቶበታል፤ የሞቱት ዓርብ ማታ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጾም የማይገድፉ ሴት ናቸው። ስለዚህ ስኒውን ያሰናዳው ሌላ ሰው ነው፣ ያውም ጠባያቸውን የማያውቅ። «እንደ እናቴ ነበሩ» እያለ ለቀስተኛ ፊት የሚንሰቀሰቀው አዲሱ ተከራይ ተያዘ ማለት ነው።

መፍትሔውን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1846 ባወጣው መጣጥፍ ሴራው እስከ ፍጻሜው ሳይነደፍ ብዕር አይነሣም ብሎ ተከራክሯል። ምርመራ ታሪክ ከጫፉ ወደ ኋላ ነው የሚሠራው።

ሦስቱን ነገሮች እንዲህ ጎን ለጎን ካስቀመጥኳቸው ግን የእኛ አንባቢ በአንድ ትንፋሽ ይደርስበታል። ስለዚህ ይበተናሉ። ጾመኝነታቸው በምዕራፍ አንድ ይገባል፤ አዲስ ጎረቤት ያመጣችላቸውን ቅቤ የገባበት ሽሮ «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» ብለው ይመልሱታል። አንባቢው የሚያስታውሰው የጎረቤቷን ኩርፊያ ነው። ዕለቱን ዘበኛው ስለ ደመወዙ ሲያማርር ይጥቀሰው። ወተቱ ደግሞ በዕቃ ዝርዝር መሐል ይቀበር፦ መነጽር፣ ያለቀ ዕጣን፣ ወተት የገባበት ቡና፣ ያልተከፈለ የውሃ ቢል። ወዲያው የሟቿ ስልክ ይጩኽ። ከዝርዝር ውስጥ ሰው የሚይዘው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው፤ ማን ደወለ ብሎ የሚጣደፈው አንባቢ ስኒውን ረግጦት ያልፋል።

አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው «ሲልቨር ብሌዝ» ከዚህም የረቀቀ ነገር አድርጓል። ሌሊት ፈረስ ከጋጣ ሲወጣ እዚያው የነበረው ውሻ አልጮኸም። ሼርሎክ ሆምስም ፈረሱን ያወጣው ውሻው የሚያውቀው ሰው ነው አለ። ፍንጩ የሆነው ሳይሆን ያልሆነው ነገር ነው፤ ግቢው ውስጥ ውሻ ለሚያሳድር ሰው ማብራሪያም አያሻውም።

ማጭበርበር ግን አይፈቀድም። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»ን ስታሳትም አታለለችን ብለው የተቆጡ ነበሩ። ተመልሶ ያነበበ ግን የተዘለለው ነገር ዓይኑ እያየ እንደተዘለለ ያገኘዋል። (ገዳዩን አልነግራችሁም፤ አንብቡት።) የመርዝ ዕውቀቷም ከሰማይ አልወረደም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች። እናንተም ጾሙን ፍንጭ ካደረጋችሁ ቀን መቁጠሪያውን ፈትሹ። ታሪኩ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ከዋለ ዓርቡ የፍስክ ነው፤ መርማሪያችሁ ባዶ እጁን ይቀራል።

አሁን ያንኑ ቤት ገልብጡትና ልብ አንጠልጣይ አድርጉት። ተከራዩ የመርዙን ዱቄት ወተቱ ውስጥ ሲጨምር በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሳዩ። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለሙያ ባልደረባው ለፍራንሷ ትሩፎ ያስረዳው ይህንን ነው፦ ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካች የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው፤ ቦምቡ መኖሩን ቀድሞ ካወቀ ግን ሰዎቹ ስለ ተራ ነገር ሲያወሩ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል። እትዬ በላይነሽ ዓርብ ስለሆነ ወተቱን አይነኩም፤ አንባቢም ተመስገን ይላል። በዚህ መሐል የጎረቤት ልጅ ከተፍ ይላል። ሕፃን ነው፣ አይጾምም። «ና የኔ ጌታ፣ ወተት ላሙቅልህ» ይሉታል። ከዚህ ወዲያ የጸሐፊው ሥራ ማዘግየት ብቻ ነው። ብርጭቆ ይታጠባል፣ ስኳር ያልቃል፣ ልጁ ራሱ ሱቅ ይላካል፣ ሮጦ ይመለሳል። መዘግየቱ ከቤቱ ኑሮ የወጣ ይሁን እንጂ ልክ በሰዓቱ መብራት አታጥፉ፤ መብራት መጥፋቱ እውነት ቢሆንም አንባቢው የእናንተን እጅ ያይበታል።

አስፈሪው ታሪክ ከቀብሩ በኋላ ይጀምራል። ቤቱ ተቆልፏል፤ ዓርብ ማታ ግን ከውስጥ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። እዚህ ሁሉም የሚያውቀው ግማሽ ነው፤ ቀሪውን የየራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። ጀማሪ ጸሐፊ ይቸኩልና በሩን ከፍቶ ነጭ የለበሰች ሴት ያሳያል፤ ያኔ አንባቢው የሚፈራው ነገር መጠኑ ታወቀ። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ የበቃውን «ጆውስ» ሲቀርጽ ሰው ሠራሹ ሻርክ በባሕር ውሃ እየተበላሸ አስቸገረው። አውሬውን ሳያሳይ ውሃውን፣ ክንፉንና ሙዚቃውን ይዞ ለመሥራት ተገደደ፤ ሻርኩ በደንብ የሚታየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ያ ብልሽት ፊልሙን የጠቀመውን ያህል ምንም የጠቀመው ያለ አይመስለኝም።

በእኛም ቤት የመጀመሪያው ዓርብ ሙቀጫው ብቻ ይሰማ። በሁለተኛው የሚቆላ ቡና ይሽተት። በሦስተኛው ጎረቤቶቹ ተመካክረው ቁልፍ ሠሪ ይጥሩ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይሄማ ከውስጥ ነው የተቀረቀረው» ይበል። በሩ የግድ መከፈት ካለበት ከዚህ በኋላ ነው።