ያውቁ ኖሯል? የኋላ ጎማን ስፋት የሚወስነው ቸርኬው ነው

ሰፊ የኋላ ጎማ ለሞተር ሳይክል ግርማ ይሰጣል። ብዙ አሽከርካሪም ጎማ ሲቀይር ከነባሩ ሰፋ ያለ መግጠም ያምረዋል። ጉዳዩ ግን የምርጫ ብቻ አይደለም።

በጎማው ጎን ላይ 180/55-17 የሚል ቢያነቡ፣ 180 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 55 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም 99 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ይህ ጎማ በትክክል የሚቀመጠው 5.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ነው።

ያንኑ ጎማ ለ160 በተሠራ 4.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ቢያስገቡትስ? ሁለቱ ከንፈሮቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ መሃሉም ይሾላል። ቀጥ ብለው ሲነዱ አስፋልቱን የሚነካው ክፍል ይጠብና መሃሉ ቶሎ ያልቃል። ለስፋት የተከፈለው ገንዘብ ጥበትን ገዛ ማለት ነው! በዚያ ላይ ሰፊ ጎማ ያንኑ ኩርባ በዚያው ፍጥነት ለመዞር ሞተሩን ይበልጥ ማጋደም ይጠይቃል።

ቁመትም አብሮ ይለወጣል። ከ180/55 ወደ 190/55 ሲቀየር የሞተሩ ኋላ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

ስለዚህ ጎሚስታው «ይገባል» ቢልዎት አይበቃም። ከመግዛትዎ በፊት በቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ስፋት ያንብቡ፣ ከሞተሩ መመሪያ ጋር ያመሳክሩ፤ ከተገጠመ በኋላም ጎማው ካቴናውን እንዳይነካ በእጅዎ እያዞሩ ይፈትሹ።