ፕራግማቲዝምና ዴሞክራሲ በቻይናና በሕንድ

ፕራግማቲዝም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የተነሣ የፍልስፍና ዘርፍ ነው። ጀማሪዎቹ ቻርልስ ፐርስና ዊሊያም ጄምስ ሲሆኑ፣ ወደ ፖለቲካና ወደ ትምህርት በሰፊው ያሻገረው ግን ጆን ዱዊ (1859–1952 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚህ ፍልስፍና የአንድ ሐሳብ ትርጉም የሚታወቀው በሥራ ላይ ሲውል በሚያስከትለው ውጤት ነው፤ የፕሮግራም ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕሮግራሙ ሲሠራ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። «የጠቀመኝ ሁሉ እውነት ነው» ተብሎ መተርጎሙ ግን የተለመደ ስሕተት ነው።

ዱዊ በ1916 ባሳተመው «ዴሞክራሲና ትምህርት» ዴሞክራሲን ከመንግሥት ዓይነትነት ባለፈ፣ ሰዎች አብረው የሚኖሩበትና ልምዳቸውን የሚካፈሉበት አኗኗር አድርጎ አቀረበው። ነጻነትም ለእርሱ የከልካይ አለመኖር ብቻ አይደለም። ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ አለመከልከሉ ብቻውን ምንም አይጠቅመውም። ሐሳቡ ወደ ሌሎች አገሮች ለመሻገር የተመቸው የአሜሪካን መንግሥት አወቃቀር መቅዳትን ስለማይጠይቅ ይመስላል።

ቻይና

ዱዊ ሻንግሃይ የደረሰው የሜይ 4 ቀን 1919 የተማሪዎች ሰልፍ ሊነሣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ሰልፉን በቤጂንግ የቀሰቀሰው፣ በሻንዶንግ የነበረው የጀርመን ይዞታ ለጃፓን እንዲሰጥ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ መወሰኑ ነው። ዱዊ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ 200 የሚጠጉ ንግግሮች አደረገ። ብዙዎቹን የተረጎመለት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የነበረው ሁ ሺ ነው።

በዚያው ዓመት ሁ ሺ ስለ «ኢዝሞች» ከማውራት ይልቅ ችግሮችን አንድ በአንድ ማጥናት ይሻላል ብሎ ጻፈ። ሊ ዳጃኦ ደግሞ ሰውን በአንድነት የሚያነሣሣ ዓላማ ከሌለ ችግሮቹም አይፈቱም ሲል ተከራከረው፤ ሊ በ1921 ከተመሠረተው የኮሚኒስት ፓርቲ ጠንሳሾች አንዱ ሆነ። የጦር አበጋዞች አገሩን ተቀራምተውት ስለነበር፣ በትዕግሥት እየሞከሩ መማር ለሚለው የሁ ሺ መንገድ ጊዜው አልተመቸም። በ1954 እና 1955 ደግሞ የሁ ሺ አስተሳሰብ በመላ ቻይና የውግዘት ዘመቻ ተከፈተበት።

ሌላው የዱዊ ተማሪ ታኦ ሺንግጂ የመምህሩን ሐሳብ ገለበጠው። ዱዊ ትምህርት ቤቱ ኅብረተሰብ ይሁን ሲል፣ ታኦ ኅብረተሰቡ ራሱ ትምህርት ቤት ይሁን አለ። አብዛኛው የገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት በማይገባበት አገር ይህ የቃላት ጨዋታ አልነበረም፤ በ1927 በናንጂንግ አጠገብ የገጠር መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ።

ሕንድ

ቢ. አር. አምቤድካር ከ1913 እስከ 1916 በኮሎምቢያ ሲማር ዱዊን ሰምቷል። የተወለደው «አይነኬ» ከሚባለው ወገን በመሆኑ፣ አብሮ መኖር የሚለው ትርጓሜ ለእርሱ የራሱ ሕይወት ጉዳይ ነበር። በ1936 ላሆር ላይ ሊያደርገው የነበረውን ንግግር አዘጋጆቹ ይዘቱን አይተው ሰረዙት፤ እርሱም «የካስት መደምሰስ» በሚል ርእስ በራሱ ወጪ አሳተመው። ካስት ሥራን ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹንም ይከፋፍላል ይላል፤ ዱዊንም መምህሬ ብሎ ይጠቅሰዋል።

በኋላ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 አይነኬነትን ሽሯል። አምቤድካር ግን በኖቬምበር 1949፣ ሰነዱ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሕንድ በፖለቲካ እኩልነትን፣ በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ኑሮ ግን አለመመጣጠንን ይዛ እንደምትጀምር ለጉባኤው አስጠነቀቀ።