በመሐላ የታሰረ ወንድማማችነት፦ የፍሪሜሰኖች ምስጢርና የሕዝብ ጥርጣሬ

*ሦስት መቶ ዓመት የዘለቀ ምስጢር፣ ሦስት መቶ ዓመት የዘለቀ ፍርሃት። የትኛው ጥርጣሬ እውነት ነበር? የትኛውስ ንጹሐንን አስፈጀ?*

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1826 ምሽት፣ በኒውዮርክ ግዛት ካናንዴይጓ በምትባል ከተማ፣ ዊልያም ሞርጋን የሚባል ግንበኛ ከእስር ቤት ወጣ። የታሰረው ሦስት ዶላር በማይሞላ ዕዳ ነበር። ዕዳውን ከፍለው ያስወጡት ሰዎች ግን ወዳጆቹ አልነበሩም። ደጅ ላይ ጠብቀው በግድ ሠረገላ ላይ ጫኑት፤ የድረሱልኝ ጩኸቱን የሰሙ ምስክሮች ነበሩ። ሠረገላው ወደ ምዕራብ ገሠገሠ። ሞርጋን ናያጋራ ምሽግ ደርሶ በባሩድ ማከማቻ ውስጥ ተዘጋበት። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ እስከ ዛሬ በማስረጃ አልተረጋገጠም።

ጥፋቱ መጽሐፍ ነበር። ሞርጋን በሚኖርባት በባታቪያ ከተማ ዴቪድ ሚለር ከተባለ የጋዜጣ አሳታሚ ጋር ተስማምቶ፣ የፍሪሜሰን ማኅበርን የአቀባበል ሥርዓት፣ መሐላና መተዋወቂያ ምልክት ለሕዝብ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። አፈናው ከመፈጸሙ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚለርን ማተሚያ ቤት ለማቃጠል ተሞክሯል። ሞርጋን ራሱ ወደ ካናንዴይጓ የተወሰደው ሸሚዝና ክራባት ተውሶ አልመለሰም ተብሎ ነው። ይህ ክስ ሲወድቅ የዕዳው ክስ ወዲያው ተተካ።

የሚያስደንቀው፣ ሰው የታፈነበት ምስጢር ከተገለጠ መቶ ዓመት ሊሆነው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ሳሙኤል ፕሪቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ የማኅበሩን ሥርዓት በ1730 ለንደን ላይ አሳትሞታል። ፈልጎ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የባታቪያና የአካባቢዋ ፍሪሜሰኖች የጠበቁት አዲስ ዕውቀት አልነበረም። የጠበቁት መሐላውን ነው፤ መሐላውን ያፈረሰ ሰው ላይ ከአገር ሕግ በላይ የመፍረድ መብት አለን ብለው አመኑ።

ዳኛውም ወንድም፣ ተከሳሹም ወንድም

አሜሪካን ያስቆጣው ከአፈናው ይልቅ ከአፈናው በኋላ የሆነው ነው። ምርመራው ዓመታት ፈጀ። በየደረጃው ከሕግ አስከባሪዎች፣ ከሸንጎ አባላትና ከምስክሮች መካከል የማኅበሩ ሰዎች ነበሩ። የናያጋራ አውራጃ የፖሊስ አዛዥ ኤላይ ብሩስ ራሱ በአፈናው ተካፍሎ ተገኘ፤ 28 ወር ታሰረ። ሌሎቹ በአጭር ቅጣት አለፉ። በነፍስ ግድያ የተፈረደበት አንድም ሰው የለም። በኦክቶበር 1827 ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ የተገኘ አስከሬን መጀመሪያ የሞርጋን ነው ተባለ። ቆይቶ የቲሞቲ ሞንሮ ሚስት የባሌ ነው ብላ ለየችው።

ገበሬውና ነጋዴው የጠየቁት ጥያቄ ግልጽ ነበር። ዳኛዬና ባላጋራዬ ለመረዳዳት በምስጢር ከተማማሉ ለእኔ ማን ይፈርድልኛል? ይህ ጥያቄ ፓርቲ ወለደ። ፀረ ፍሪሜሰን ፓርቲ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ሦስተኛ ፓርቲ ነው። በ1831 ባልቲሞር ላይ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመምረጥ አገር አቀፍ ጉባኤ በመጥራትም ቀዳሚው ሆነ፤ ዛሬ ትልልቆቹ ፓርቲዎች የሚያደርጉት ጉባኤ ፈር የተቀደደው እዚያ ነው። ዕጩው ዊልያም ዊርት የቬርሞንትን ሰባት ድምፅ ብቻ አገኘ፤ ማኅበሩ ግን ክፉኛ ተመታ። በኒውዮርክ ግዛት ብቻ ከ20,000 ገደማ የነበሩ አባላት ወደ 3,000 አካባቢ ወረዱ።

በዚያ ቁጣ ውስጥ ፍትሕም ግፍም ነበረ። ሕግን ከመሐላ በታች ያዋሉ ሰዎች መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ስለ ሞርጋን ሰምቶ የማያውቅ፣ ለድሃ አባላት መዋጮ ከማዋጣት በቀር ሥራ ያልነበረው አባልም ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ተገለለ፤ ደንበኛም አጣ።

ምስጢሩ ከየት መጣ?

ሥሩ የድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ነው። በስኮትላንድ የኤድንብራ ግንበኞች ሎጅ (የማኅበርተኞች ጉባኤ) ቃለ ጉባኤ ከ1599 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ከሥራ ወደ ሥራ የሚዘዋወር ግንበኛ ሙያውን በትክክል የተማረ መሆኑን የሚያሳውቅበት የጋራ ምልክት ነበረው፤ ምልክቱ ያልሠለጠነ ሰው እንጀራውን እንዳይነጥቀው ይጠብቀዋል። ቀስ በቀስ መዶሻ ጨብጠው የማያውቁ መኳንንትና ምሁራን ገቡበት። ማኅበሩ ስለ ራሱ እንደሚተርከው፣ በ1717 አራት የለንደን ሎጆች ተዋሕደው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ አቆሙ። የሙያው መሣሪያዎች የሥነ ምግባር ምሳሌ ሆኑ፤ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ዋና ግንበኛ የኪራም ታሪክም የሥርዓቱ እምብርት ሆነ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና ሞዛርት አባላት ነበሩ። በቦስተን የነጮቹ ሎጆች የዘጉባቸው ጥቁሮች በፕሪንስ ሆል መሪነት የራሳቸውን አቋቁመው በ1784 ከለንደን ፈቃድ አገኙ። ባርነት በነገሠበት ዘመን ጥቁሮች ያለ ነጭ አዛዥ የሚመካከሩበት ቤት ነበራቸው ማለት ነው። በአንጻሩ ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ በ1738 ማኅበሩን ሲያወግዙ ከክሳቸው አንዱ ክፉ ባይሠሩ ኖሮ ብርሃንን ባልጠሉ ነበር የሚል ነው። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ የጥርጣሬ ሁሉ መነሻ ነው።

ክርክሩ ግን ለሐሰተኛም በር ይከፍታል። ሊዮ ታክሲል የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ በ1885 ወደ ካቶሊክ እምነት ተመለስኩ ብሎ፣ ፍሪሜሰኖች ሰይጣን ያመልካሉ የሚሉ መጻሕፍት ለአሥራ ሁለት ዓመት ቸበቸበ። ዲያና ቮን የምትባል የማኅበሩን ጉድ ያጋለጠች ሴትም ፈጠረ። ኤፕሪል 19 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ሁሉም የፈጠራ ድርሰት መሆኑን ተናገረ። ይሁን እንጂ ደራሲው ራሱ የካደው ውሸት ዛሬም በብዙ ቋንቋ ይዘዋወራል። በኢንተርኔት የምናያቸው “የተጋለጠ ምስጢር” ቪዲዮዎች በርካታ ወሬያቸውን የቀዱት ከዚህ ሰው ነው።

ጥርጣሬ በአምባገነን እጅ

በ1925 ሙሶሊኒ ምስጢራዊ ማኅበራትን የሚያግድ ረቂቅ ሕግ ለጣሊያን ምክር ቤት አቀረበ። የኮሙኒስቱ መሪ አንቶኒዮ ግራምሺ በምክር ቤቱ ያደረገው ብቸኛ ንግግር ይህን ረቂቅ የተቃወመበት ነው። ግራምሺ የፍሪሜሰን ወዳጅ አልነበረም። ነገር ግን ሕጉ ዛሬ በእነርሱ ላይ ቢወጣ ነገ ማንኛውንም የሠራተኛ ማኅበር ለመምታት እንደሚውል አይቶ ነበር። እንዳለውም ሆነ፤ በማግስቱ ዓመት ራሱ ታሰረ። ፍራንኮም በ1940 ስፔን ውስጥ ፍሪሜሰንነትን ወንጀል አድርጎ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ።

ያው የሙሶሊኒ ፋሺስት መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ የጥርጣሬውን ፍሬ እኛም ቀምሰናል። የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተቃጣበት የግድያ ሙከራ በኋላ ባሕታውያንና ጠንቋዮች የዐመፅ ወሬ ያዛምታሉ ብሎ አስፈጃቸው። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስን ገዳም በሴራ ወነጀለ። በራሱ ቴሌግራም ብቻ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ለሮም አስታወቀ። ክስ የሰማ፣ መከላከያ ያዳመጠ ፍርድ ቤት አልነበረም። አንድን ማኅበር በስሙና በልብሱ ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ የሚያደርሰው እዚህ ድረስ ነው።

ጥርጣሬው እውነት ሲሆን

ጥርጣሬ ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። ማርች 17 ቀን 1981 የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊሶች አሬዞ አጠገብ የሊቾ ጄሊን ቢሮ ሲፈትሹ የ962 ሰዎች ስም ዝርዝር አገኙ። ጄሊ “ፒ 2” የሚባል ሎጅ መሪ ነበር። ዝርዝሩ ሚኒስትሮችን፣ የምክር ቤት አባላትን፣ የስለላ ድርጅት ኃላፊዎችን፣ ጄኔራሎችን፣ የባንክ ሰዎችንና ጋዜጠኞችን የያዘ ነበር፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒም ነበረበት። የጣሊያን ታላቁ ሎጅ ራሱ ይህን ሎጅ በ1976 አግዶት ነበር። ዝርዝሩ በሜይ ወር ይፋ ሲሆን የአርናልዶ ፎርላኒ መንግሥት ወደቀ።

ነገሩን እስከ ሥሩ ያወጣው ሐሜት አይደለም። የፍተሻ ትእዛዝ፣ የተያዘ ሰነድ፣ በቲና አንሰልሚ የተመራ የምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽንና በ1982 የወጣ ሕግ ናቸው። ሕጉ የፍሪሜሰን አባልነትን አልከለከለም። የከለከለው ተደብቆ በመንግሥት ሥራ ላይ እጅ ማስገባትን ነው። የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2001፣ ለክልል ሹመት የሚወዳደር ሰው ፍሪሜሰን አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገደደው የጣሊያን ክልል የመደራጀት መብትን ጥሷል ሲል ፈረደ። ድንበሩ እዚህ ላይ ነው፤ መንግሥት ሰውን በሠራው ሥራ ይጠይቃል እንጂ በአባልነቱ አይቀጣም።

ወደ እኛ ስንመጣ

የእጅ ባለሙያን መጠርጠር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ግንበኛውን ጠይብ፣ ቡዳ ብለን አግልለናል። በጎንደር ዘመን በግንባታና በአንጥረኛነት ያገለገሉ ቤተ እስራኤላውያን ይህን መከራ ለትውልዶች ተሸክመዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

የፍሪሜሰንም ስም በታሪካችን ጥግ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በ1753 ኤድንብራ በሚገኝ ሎጅ የተመዘገበ አባል ነበር። ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ሄዷል። አባልነቱም የብራና መጻሕፍቱም በሰነድ የተረጋገጡ ናቸው። የመጣው የጽዮንን ታቦት በምስጢር ሊፈልግ ነው የሚለው ግን ግምት ነው፤ እውነቱንና ግምቱን አንድ ላይ ማስፈር አይገባም።

ዛሬ ደግሞ በቴሌግራምና በፌስቡክ፣ አንድ ዘፋኝ ወይም ነጋዴ ድንገት ሲከብር “ኢሉሚናቲ ገብቶ ነው” ይባላል። ኢሉሚናቲ በ1776 አዳም ቫይስሃውፕት ባቫሪያ ላይ ያቋቋመው ማኅበር ነው፤ መንግሥት አግዶት አሥር ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ከሰመ። ስሙን የሚጠቀሙት አጭበርባሪዎች ናቸው። “ተቀላቀልና ሀብታም ሁን” ብለው የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቁ መልእክቶች ሁሉ ሌብነት ናቸው፤ የሚደርስባችሁ ቢኖር አንድ ብር አትላኩ።

እድራችንን እንመልከት። ሁሉም ሰው አባል አይደለም፤ የራሱ ሕግ፣ ቅጣትና የውስጥ ጉዳይ አለው። ይሁንና ሰፈሩ አይፈራውም፤ ሊቀመንበሩ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ገንዘብ ያዡ በየጊዜው ሒሳብ ያቀርባል፣ ሲያጠፋም ይሻራል። ጥርጣሬን የሚያከስመው ይህ ተጠያቂነት ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ሰዎች በራቸውን ዘግተው መጸለይ፣ መማል፣ መመካከር መብታቸው ነው፤ ማንም ሊሰብረው አይገባም። የዳኛ ወንበር፣ የፖሊስ ማዕረግና የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው ግን ሥልጣኑ የእኛ ነውና በሥልጣኑ ስለሠራው ሁሉ መልስ መስጠት አለበት። እኛም የበኩላችን ግዴታ አለብን። የአንድን ማኅበር ወይም የአንድን ሰው ስም የሚያጠፋ ወሬ ሲደርሰን ማን? መቼ? በምን ማስረጃ? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካለው ለሕግ እናቅርበው፤ መልስ ከሌለው ለሌላ ሰው አናስተላልፈው።