ወተት ውስጥ የሚንሳፈፍ ሚዛን

ስለ መንሳፈፍና ስለ መስመጥ ወሬ ሲነሣ ሁሉም ሰው መርከብን ይጠራል። እኔ ግን የምወደው በየወተት መሰብሰቢያው በር ላይ፣ ወተት በሞላ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ተገትሮ የሚውለውን የመስታወት ዘንግ ነው። ላክቶሜትር ይባላል። ከአንድ ጣት ብዙም አይወፍርም፤ ግን የስንቱን ገበሬ የማለዳ ገቢ ይወስናል።

አንድ ነገር የሚሰምጠው ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ትንሽ ሚስማር ስትሰምጥ ትልቅ ግንድ ይንሳፈፋል። ዕቃው ወደ ታች የሚወርደው ገፍቶ ያስለቀቀው ፈሳሽ ከራሱ ክብደት ጋር እኩል እስኪሆን ነው። እኩል ከሆነ እዚያው ይቆማል፤ መቼም እኩል ካልሆነለት ወለሉን ይነካል። የሰራኩሱ አርኪሜዲስ ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ስለጨረሰው አንቆይበት።

የላክቶሜትሩ ግርጌ እርሳስ ተጨምሮበታል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚያ ነው። መስታወትም እርሳስም ለየብቻቸው ቢጣሉ ይሰምጣሉ፤ ሁለቱን ተሸክሞ የሚያንሳፍፋቸው ሆዱ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። አንገቱ ላይ 30 ከተነበበ አንዱ ሊትር ወተት 1.030 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ደኅና የላም ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ27 እስከ 33 ባለው ውስጥ ይውላል። ውኃ ዜሮ ነው።

አንገቱ ለምን እንደ ቀጠነ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ብልሃቱ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው። 50 ሚሊ ሊትር የሚገፋ ላክቶሜትር እንውሰድ። ወተቱ በአንድ ነጥብ ቢቀል መሣሪያው ተጨማሪ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ መግፋት ይኖርበታል፤ አንዲት ጠብታ መሆኗ ነው። የአንገቱ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያቺ ጠብታ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መስመጥ ሆና በዓይን ትታያለች። አንገቱን ሦስት እጥፍ ቢያወፍሩት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። የዚህ መሣሪያ ወገን ዕድሜ ጠገብ ነው፦ በ5ኛው መቶ ዘመን መባቻ ግድም የቀሬናው ሲኔሲዮስ ለእስክንድርያዋ ሊቅ ለሂፓቲያ በጻፈው ደብዳቤ፣ የፈሳሽን ክብደት የሚለካ ምልክት የተቀረጸበት ቱቦ እንድታሠራለት ለምኗታል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የባትሪ አሲድ የሚለካውም የዚሁ ዘር ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሰዉ ሁሉ ላክቶሜትር ወተት ላይ የተጨመረን ውኃ የሚይዝ ይመስለዋል። አንድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ መሰብሰቢያ ቆሜ ሳለሁ ሰብሳቢው ወጣት ዘንጉን ነከረና «እማማ፣ ውኃ ገብቶበታል፤ 26 ነው» አላቸው። ሴትዮዋም «ልጄ፣ አሁን አልቤ ነው የመጣሁት፤ እጅህን ክተትበት፣ ትኩስ ነው» አሉት። መከራከሪያቸው ራሱ መልሱን ይዞ ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ወተት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ አንዱ ሊትር ይቀላል፤ ሲቀል ዘንጉ ይሰምጣል። በ20 ዲግሪ ለተሠራ ላክቶሜትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ይጨመራል። ወተቱ 25 ዲግሪ ከሆነ የተነበበው 29 በእርግጥ 30 ነው። ከጡት የወጣ ወተት ደግሞ 38 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ስቡም ገና ስላልረጋ፣ አረፋም ስላለው በሒሳብ ብቻ አይቃናም፤ ማቀዝቀዝና ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ሳይዝ ላክቶሜትር የሚይዝ ሰው ግማሽ ሚዛን ነው የያዘው።

በተቃራኒው ሌባው በደንብ ያልፋል። ወተቷ 32 የሆነ ላም ያለችው ሰው በ9 ሊትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ቢጨምር 28.8 ይነበባል፤ ማንም አይናገረውም። የባሰውን ልንገራችሁ፦ ስብ ከውኃ ይቀላል። ስለዚህ 30 የነበረን ወተት ስልባቦቱን በከፊል ቢገፍፉት ወተቱ ይከብዳል፤ 32 ይደርሳል እንበል። ከዚያ በ15 ሊትሩ ላይ 1 ሊትር ውኃ ሲጨመር ተመልሶ 30 ላይ ቁጭ ይላል። ሁለት ጊዜ ተሰርቆ ፍጹም ወተት ይመስላል! ስኳር ወይም ጨው የሚበጠብጡትም ይህንኑ ክብደት ፍለጋ ነው።

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ላክቶሜትር የተጠየቀውን ክብደት በትክክል ይመልሳል፤ ክብደቱ ከምን እንደመጣ ግን የሚነግረን ሌላ ምርመራ ነው። የስቡን መጠን ለመለየት አሜሪካዊው ስቲቨን ባብኮክ በ1890 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ቀላል ዘዴ አውጥቷል። ውኃውን ለመያዝ ደግሞ የሚሻለው ወተቱ በረዶ የሚሆንበትን ቅዝቃዜ መለካት ነው፤ ንጹሕ ወተት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ያህል ላይ በረዶ ይሆናል፣ ውኃ ሲገባበት ወደ ዜሮ ይጠጋል።

እነዚህ እስኪገኙ ያለውን በአግባቡ መያዝ ነው። ወተቱን ሳታማስሉ ከላይ አትቅዱ፤ ስልባቦቱን ብቻ ትለካላችሁ። አረፋውን እፍ በሉት። ዘንጉ የዕቃውን ግድግዳ እንዳይደገፍ። ዝቅ ብላችሁ በዓይን ትክክል አንብቡ፤ ወተት ስለማያሳይ የሚነበበው ወተቱ አንገቱን ይዞ ከወጣበት ጠርዝ ላይ ነው። ደግሞ እጠቡት! አንገቱ ላይ የደረቀ ወተት ዘንጉን ያከብደዋል፣ የከበደ ዘንግ ይበልጥ ይሰምጣል፣ ውኃ ጨምረሻል የምትባለውም ከኋላ የተሰለፈችው ሴት ናት።