የጃናሞራ ወንጫፊ

ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ገብስ በሚያሽትበት ወቅት ካብ ላይ የቆመ፣ ደበሎ የደረበ ልጅ ማየቱ አይቀርም። ሥራ ላይ ነው። ጭላዳዎች ያደሩበትን ገደል ለቀው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ዋና ምግባቸው ሣር ነው፤ እሸት ከሣር እንደሚጣፍጥ ግን ጭላዳም ያውቃል።

የልጁ መሣሪያ ወንጭፍ ነው፦ ሁለት ገመድ፣ በመካከላቸው እንቁላል የሚያህል ድንጋይ የሚያቅፍ ሰፋ ያለ ማቀፊያ። አንዱ ጫፍ ቀለበት አለው፤ ጣት ይገባበታል። ሌላው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዛል። ድንጋዩ ከራስ በላይ አንዴ ሁለቴ ይዞርና ያልታሰረው ጫፍ ይለቀቃል። ጥበቡ ሁሉ መልቀቁ ላይ ነው። ጥቂት ከቀደመ ወይም ከዘገየ ድንጋዩ ያልታሰበ አቅጣጫ ይይዛል፤ ጀማሪ ሲወነጭፍ አጠገቡ መቆም አያዋጣም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ያለ ወንጭፍ፣ በክንዳቸው በመወርወር ብቻ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። የቤዝቦል ወርዋሪ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ወደቆመ መቺ ይልካል፤ ኩባዊው አሮልዲስ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ2010 በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር አድርሷታል። ይህ ጉልበት ከባዶ ክንድ ስለሚወጣ ዕዳውን የሚከፍለው ክርን ነው። በ1974 ቶሚ ጆን የተባለው ግራኝ ወርዋሪ የክርኑ ጅማት ሲበጠስ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስደው ተኩለት። በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፤ ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ወንጭፍ ክንድን የሚያስረዝም ብልሃት ነው። ገመዱ በረዘመ መጠን ድንጋዩ ይፈጥናል፤ ክንድ ብቻውን የማይደርስበትን ፍጥነት ገመዱ ይጨምራል።

የወርዋሪውና የወንጫፊው ዓላማም ይለያያል። ጎበዝ ወንጫፊ ጭላዳውን አይመታም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነውና መምታቱም ደግ አይደለም። ድንጋዩን በመንጋውና በገብሱ መካከል ያሳርፋል። ከመንጋው ኋላ ካረፈ ግን ጭላዳዎቹ ደንግጠው ቀጥታ ወደ እርሻው ይገባሉ፤ ጠባቂው ራሱ ነዳቸው ማለት ነው።

የቤዝቦል ወርዋሪው ኖላን ራያን ለ27 የውድድር ዘመናት ወርውሯል። የጃናሞራው ልጅ ግን ሞፈር ሲጨብጥ ወንጭፉን ለታናሹ ይለቃል። ገመዱ ለታናሹ ከረዘመ በሁለቱም ወገን እኩል ይቋጠርለታል፤ አንዱ ካጠረ ድንጋዩ ከማቀፊያው ይንሸራተታል።