ወለል ማንጠፍ በኮርስ ይለመዳል?

ፔታህ ቲቅቫ ውስጥ ከሠራዊት የተመለሰ ልጅ ያለበት ቤት «ምን ይማር?» ሳይባል አይውልም። ከምርጫዎቹ አንዱ ሪጹፍ፣ ማለትም የሰድር ንጣፍ፣ ነው። አዳዲስ ፎቆች ባሉበት ከተማ ወለልና መታጠቢያ ቤት የሚያነጥፍ እጅ ሥራ አያጣም፤ የኮርስ ማስታወቂያውም ብዙ ነው። ወላጆችን የሚያስጨንቀው ግን ገንዘቡ ሙያ ይገዛል ወይስ ወረቀት ብቻ የሚለው ነው።

ጥያቄው ከእስራኤል የግንባታ ታሪክ ጋር አብሮ ያረጀ ነው፤ ሙያው ለብዙ ዘመን ከውጭ ሲመጣ ኖሯልና። ከ1967 ወዲህ ፎርም መምታት፣ ብረት ማጠፍ፣ ልስንና ንጣፍ በአብዛኛው በፍልስጥኤማውያን ትከሻ ላይ ነበር። በ1987 የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ሲነሳና በ1993 መተላለፊያው ሲዘጋባቸው ከሮማንያ፣ በኋላም ከቻይና ሠራተኛ መጣ። ከጥቅምት 2023 በኋላ ሰማንያ ሺህ ገደማ ፍልስጥኤማውያን የግንባታ ሠራተኞች መግባት ሲከለከሉ ደግሞ ወደ ህንድ ተዞረ። በጥር 2024 በሃሪያናና በሉክናው ምልመላ ሲካሄድ አመልካቾቹ የተፈተኑት በእጃቸው ነው። ያም ሆኖ ከመጡት አንዳንዶቹ ሙያው ስለጎደላቸው ወደ ሌላ ሥራ መዛወራቸው በዚያው ዓመት ተዘግቧል። የአንድ ቀን ፈተና ይህን ያህል ካሳተ፣ የጥቂት ሳምንት ኮርስ ብቻውን ባለሙያ ያደርጋል ማለት ይከብደኛል።

ሕጉም ልዩነት ያደርጋል። ኤሌክትሪከኛ በ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ሽቦ አይነካም። ተቀጥሮ ወለል ለማንጠፍ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ የኮርሱ ሰርተፍኬት በር አይከፍትም፤ ቀብላኑ (ተቋራጩ) የሚያየው የተነጠፈውን ነው።

እንዲህ ስል ኮርስ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የቤተ እስራኤል አያቶቻችን በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንበኝነትን፣ አናጢነትንና ቀጥቃጭነትን ከአባት ለልጅ ሲያወርሱ የመማሪያ ክፍል አልነበራቸውም፤ ዕቃው ግን ድንጋይ፣ ኖራና እንጨት ነበር፣ ባሕርዩም ከትውልድ ትውልድ አይቀየርም ነበር። ዛሬ ዕቃው ራሱ ተቀይሯል። የድሮው ባላጣ ሰድር አሸዋ ላይ በሲሚንቶ ድብልቅ ይቀመጥ ነበር። ግራኒት ፖርሰላን ግን ከክብደቱ 0.5 በመቶ ያህል እንኳ ውሃ አይመጥጥም፤ ተራው ድብልቅ ስለማይይዘው ፖሊመር ያለበት ሙጫ ይፈልጋል። ትልልቁ ሰሌዳ ደግሞ ወለሉም ጀርባውም ካልተቀባ ከሥሩ ባዶ ይቀራል፤ በጣት ሲመታ ድምፁ ይለያል፣ ከባድ ነገር ሲወድቅበትም ይሰነጠቃል።

መታጠቢያ ቤት ይበልጥ ይፈትናል። ውሃ መከላከያው ከንጣፉ በፊት ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ውሃ ተሞልቶ ይሞከራል፤ ተዳፋቱም ወደ ማፍሰሻው ይሄዳል። ይህ የተዘለለበት ቤት ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ በታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ ያኔ ሙሉው ንጣፍ ይነሳል። ሰድር ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝም ሲሊካ አለበት፤ ሳንባን ስለሚጎዳ ጥበቡ በውሃ መቁረጥ ነው። የሰድሩ አጣበቅም የራሱ መስፈርት አለው፤ እስራኤላዊው ደረጃ 1555። ቀን በቀን የሚሯሯጥ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ለረዳቱ ቁጭ ብሎ አያስረዳም፤ «እንዲህ አድርግ» ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርም። ምክንያቱን የሚሰጥ ጥሩ ኮርስ ነው።

ኮርስ የማይሰጠው ፍጥነትን ነው። ፉጋው (በሰድሮች መካከል ያለው መስመር) ቀጥ ብሎ፣ ውሃ ልኩ ሳይዛባ አንድ ክፍል በቀን ማንጠፍ የሚመጣው በመደጋገም ነው። ጉልበትና ወገብ መቻላቸውም እዚያው ይታወቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ብገለብጠው እመርጣለሁ። ከሠራዊት የወጣ ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ በግንባታ ስድስት ወር ሙሉ ቢሠራ፣ ለተመረጠ ሥራ የሚሰጠውን ድጎማ ከቢቱዋሕ ለኡሚ (ከብሔራዊ መድን) ማግኘት ይችላል፤ ሥራው የሚታሰብ መሆኑን ግን ሳይጀምር ይጠይቅ። ከአንድ ባለሙያ ጋር ረዳት ሆኖ ከቆየ በኋላ ሪጹፍ የሚወደው ከሆነ፣ ከሠራዊት ሲወጣ የተቀመጠለትን ፒቃዶን (ተቀማጭ ገንዘብ) ለኮርስ ያውለው፤ ያኔ የሚጠይቀው ጥያቄም ይበዛል። ከመክፈሉ በፊት ግን ስንት ሰዓት በእጅ እንደሚሠራ፣ ውሃ መከላከያ መማሩን፣ አስተማሪው ራሱ አንጣፊ መሆኑን፣ ከኮርሱ በኋላ የሚቀበለው ቀብላን መኖሩን ይጠይቅ። ለመጨረሻው ጥያቄ ስም ጠርተው የማይመልሱለት ከሆነ ገንዘቡን አያስይዝ።